የፈሰሰ ውሃና የተጻፈ መዝገብ

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» የሚለው ተረት ዘወትር የሚነገረው ባለፈ ነገር መጸጸት የማይጠቅም መሆኑን ለማስረዳት ነው። የውሃን ጠባይ ለሚመረምሩ ሊቃውንት ግን ይህ ቃል ምክር ብቻ ሳይሆን የሥራቸው መሠረት ነው። ዛሬ በወንዙ መለኪያ ሥር ያለፈው ጐርፍ ነገ ተመልሶ አይለካም፤ ዘንድሮ ከባሕር ጥልቀት የተቀዳው ውሃም በሚመጣው ዓመት በዚያው ስፍራ ቢፈለግ ሌላ ውሃ እንጂ ያው አይገኝም። ስለዚህ ከውሃው የሚቀረው ነገር ቢኖር ባለፈበት ቀንና ሰዓት የተጻፈለት ቃል ብቻ ነው። ያም ቃል በጊዜው ካልተጻፈ፥ ወይም ተጽፎ በጥንቃቄ ካልተጠበቀ፥ በኋላ በገንዘብም በጕልበትም ሊመለስ አይችልም።

ይህ እውነት እጅግ በተራራቁ ሁለት ስፍራዎች ጐልቶ ይታያል። አንደኛው በዋልታ ባሕር በበረዶ መካከል የሚጓዘው የምርምር መርከብ ነው። ሁለተኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱት ወንዞች ወደ ሱዳን ሜዳ የሚወጡበት የገዳሪፍና የጠረፉ አገር ነው። በአንደኛው ዘንድ ውሃው በረዶ ሆኖ ይጋገራል፤ በሁለተኛው ዘንድ ጭቃ ተሸክሞ ይጋልባል። የመዝጋቢው ሥራ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

በበረዶው ባሕር ላይ

የምርምር መርከብ ከተወሰነለት ቦታ ሲደርስ ጕዞውን ገትቶ ይቆማል። ያ መቆሚያ «ጣቢያ» ይባላል፤ ተራ ቍጥርም ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ 24 ትልልቅ ጠርሙሶች በዙሪያው የታሰሩበት የብረት ክፈፍ በሽቦ ገመድ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ከጠርሙሶቹም ጋር የውሃውን ሙቀት፥ ጨዋማነትና ጥልቀት እየለካ ወደ መርከቡ የሚያስተላልፍ መሣሪያ አብሮ ይሄዳል። ጠርሙሶቹ ሲወርዱ አፋቸው ክፍት ነው፤ ወደ ላይ ሲሳቡ ግን በየተፈለገው ጥልቀት ከመርከቡ በሚላክ ምልክት አንድ በአንድ ይዘጋሉ። በዚህ ዓይነት ከባሕሩ ወለል አጠገብ የተዘጋው የወለሉን ውሃ፥ በመካከል የተዘጋውም የመካከሉን ውሃ ይዞ ይወጣል። ለምርመራ የሚወሰደው ይህ ጥቂት ውሃ «ናሙና» ይባላል።

ክፈፉ ተመልሶ ከመርከቡ ላይ ሲያርፍ ለተመልካች ሥራው ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃው የሚቀዳው በተርታ ነው፤ ጠርሙሱ አንድ ጊዜ ከተከፈተ አየር ስለሚገባበት በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅንና ሌላውን ጋዝ የሚመረምሩት ሰዎች በመጀመሪያ ይቀዳሉ፤ አየር ብዙም የማይለውጠው ጨዋማነት ወደ ኋላ ይቆያል። ከቀጂዎቹ አጠገብ አንድ ሰው መዝገብ ይዞ ይቆማል። የየትኛው ጠርሙስ ውሃ ወደ የትኛው ብልቃጥ እንደ ገባ፥ ማን እንደ ቀዳው፥ በስንት ሰዓት እንደ ተቀዳ አንድ በአንድ ይጽፋል። ተራውን ለሚያፈርስ ሰው ፊት ስለማይሰጥ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በቀልድ «የናሙና ፖሊስ» ይሉታል።

በመዝገቡ ላይ የሚሞላው የጣቢያው ቍጥር፥ ቀኑ፥ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ፥ የባሕሩ ጥልቀት፥ የመሣሪያው ዓይነት፥ መሣሪያው ከውሃ የገባበት፥ ከታች የደረሰበትና የወጣበት ሰዓት ነው። ሰዓቱ በመላው ዓለም አንድ ሆኖ በተወሰነው ሰዓት ይጻፋል፤ በዋልታ አጠገብ የኬንትሮስ መሥመሮች ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ስለሚሰበሰቡ የአገር ሰዓት የሚባለው ነገር ትርጕም ያጣልና ነው። መርከቡ በበረዶ ተይዞ አብሮ የሚንሳፈፍ በሆነ ጊዜ ደግሞ መሣሪያው የወረደበት ቦታና የወጣበት ቦታ ስለሚለያይ ሁለቱም ይመዘገባሉ። ከዚህም በላይ ሳይዘጋ የቀረ ጠርሙስ፥ ያፈሰሰ ክዳን፥ በበረዶ የተያዘ ገመድ ቢኖር እንዳልተሳካ ሆኖ ይጻፋል። ያልተሳካው ሥራ ካልተጻፈ ከኋላ የሚመጣው መርማሪ የተበላሸውን ከደኅናው ሊለይ አይችልምና።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው ከዚህ ቀደም የሆነው ነገር መልስ ይሰጠዋል። የእንግሊዝ መርከብ ቻሌንጀር በዲሴምበር 1872 ተነሥቶ ዓለምን ከዞረ በኋላ በሜይ 1876 ተመለሰ። በፌብሩዋሪ 1874 የደቡብ ዋልታን ክበብ አልፎ ስለ ነበር በእንፋሎት ኀይል ከሚሄዱት መርከቦች እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ሆነ። መርማሪዎቹ በየጣቢያው ቴርሞሜትር እያወረዱ ያነበቡትን ሙቀት ከቦታው፥ ከጥልቀቱና ከመሣሪያው ዓይነት ጋር ጻፉ። የምርምሩም ውጤት በ50 መጻሕፍት ታተመ። በ2012 ሌሎች ሊቃውንት ያንን አሮጌ መዝገብ ገልጠው ዛሬ በውቅያኖሶች ከሚንሳፈፉት የአርጎ መሣሪያዎች ልክ ጋር አስተያዩት። ከላይ እስከ 700 ሜትር ድረስ ያለው የባሕር ውሃ በ135 ዓመት ውስጥ በአማካይ አንድ ሦስተኛ ዲግሪ ያህል መሞቁን አገኙ። በቻሌንጀር ላይ የነበሩት ጸሐፊዎች ሙቀቱን ብቻ ጽፈው ጥልቀቱንና መሣሪያውን ቢተዉት ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ በቀረ ነበር።

ኖርዌያዊው ናንሰንም ፍራም የተባለውን መርከቡን በ1893 ሆነ ብሎ በሰሜን ዋልታ በረዶ ውስጥ አስገብቶ አስያዘው። መርከቡ እስከ 1896 ከበረዶው ጋር ሲንሳፈፍ ቆየ። ናንሰን በረዶው ነፋሱ ወደሚነዳው አቅጣጫ በቀጥታ ሳይሄድ ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ወደ ቀኝ እያዘነበለ መጓዙን አስተዋለና ጻፈ። ከዚያ በኋላ ስዊድናዊው ኤክማን ይህ ነገር ከምድር መዞር የተነሣ መሆኑን በሒሳብ አስረዳ፤ ሥራውም በ1905 ታትሞ የባሕርን ዕውቀት ለወጠ። ፖላርሽተርን የተባለው የጀርመን መርከብ ከሴፕቴምበር 2019 እስከ ኦክቶበር 2020 በዚያው በናንሰን ፈለግ ከበረዶው ጋር ሲንሳፈፍ፥ የ20 አገሮች መርማሪዎች ናሙናቸውን ሁሉ በአንድ ሥርዓት መዘገቡ። የሰበሰቡትንም ቍጥር ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ለዓለም ሁሉ ክፍት ለማድረግ አስቀድመው ተስማምተው ነበር።

በገዳሪፍ ወንዞች ዳር

ከዋልታው በረዶ ወደ ገዳሪፍ ጥቍር አፈር ሲመለሱ የመዝጋቢው የመጀመሪያ ችግር የወንዙ ስም ነው። ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ በኤርትራና በኢትዮጵያ ወሰን ላይ ሲደርስ ሰቲት ይባላል። ከጣና ሐይቅ ሰሜን፥ በጭልጋ በኩል የሚወርደው ጓንግ በመተማ አጠገብ ካለፈ በኋላ አትባራ ይሆናል። አንገረብ የሱዳንን ምድር ሲረግጥ ባሕረ ሰላም ተብሎ ይጠራል። የገዳሪፍ ከተማ ራሷ በቀድሞ ዘመን ሱቅ አቡ ሲን ትባል ነበር። ደብዳቤን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚመልስ ሰው እንደሚያውቀው፥ በአማርኛ «የተከዜ ውሃ» ተብሎ የተጻፈውና በዓረብኛ «የሰቲት ውሃ» ተብሎ የተጻፈው አንድ ይሁን ሁለት በስሙ ብቻ አይታወቅም። በመርከቡ መዝገብ ላይ ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚጻፈው ባሕር ስም ስለሌለው ነው፤ በጠረፍ አገር ግን የሚጻፈው ወንዙ ስም ስለሚበዛበት ነው።

እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በ1861 በጁን ወር ወደ አትባራ ሲደርስ ወንዙ ደርቆ፥ ዓሣና አዞ ጕማሬም የታጨቁባቸው ኩሬዎች ብቻ እዚህና እዚያ ቀርተውበት ነበር። በጁን 23 ሌሊት ከሩቅ እንደ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። በማግስቱ ጧት በደረቁ አሸዋ ፋንታ 500 ያርድ ያህል የሚሰፋና ከ15 እስከ 20 ጫማ የሚጠልቅ ታላቅ ወንዝ ሲፈስ ታየ። በዚያ ስፍራ ግን ጠብታ ዝናም እንኳ አልወረደም ነበር፤ ውሃው የመጣው ከኢትዮጵያ ተራሮች ነበርና። ቤከር ቀኑን፥ የወንዙን ስፋትና ጥልቀት፥ የሰማዩንም ሁኔታ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሰቲትንና የቀሩትን ገባሮች እየተመለከተ በገላባት በኩል አልፎ በ1862 ካርቱም ገባ። የግብፅ እርሻ የሚለማበት ጐርፍና ደለል የሚመጣው ከኢትዮጵያ ወንዞች ነው የሚለውን ፍርዱንም በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ።

የቤከር ጽሑፍ እስከ ዛሬ የሚጠቅመው ነገሩን ከቀኑና ከስፍራው ጋር አያይዞ ስለ ጻፈው ነው። ነገር ግን ስፋቱንና ጥልቀቱን የገመተው በዓይኑ ነበር፤ አንድ መንገደኛም አንድ ክረምት አይቶ ያልፋል። ወንዝን ማወቅ የሚቻለው በየዕለቱ በአንድ ስፍራ ቆሞ በሚለካ ሰው ነው። ስለዚህ በኋላ ዘመን በሱዳን በኩል በአትባራ ላይ በኩቡር፥ በሰቲት ላይ በወድ ኤል ሂሌው፥ በኢትዮጵያም በኩል በተከዜ ላይ በእምባ ማድሬ ድልድይ አጠገብ መለኪያ ጣቢያዎች ቆሙ። በእንደዚህ ያለው ጣቢያ የሚሠራው ሰው ከወንዙ ዳር በተተከለው ባለ ምልክት ሰሌዳ ላይ የውሃውን ከፍታ እያነበበ በመዝገብ ያሰፍራል።

ከከፍታው ይልቅ አስቸጋሪው የደለሉ ናሙና ነው። ጠርሙስ ወደ ወንዙ ወርዶ ውሃ ይቀዳል፤ ውሃው ተጣርቶ የቀረው ጭቃ ይደርቃል፥ ይመዘናልም። በአንድ ሊትር ውሃ ስንት ግራም አፈር እንዳለ የሚታወቀው በዚህ ዓይነት ነው። ይሁን እንጂ ደለሉ ከላይኛው ውሃ ይልቅ ወደ ታች ይወፍራል፤ ከዳር የተቀዳውም ከመካከል ከተቀዳው ይለያል። ከዚህም ሌላ በእነዚህ ወንዞች ጭቃው የሚበረታው ጐርፉ ከመሙላቱ አስቀድሞ ነው። በክረምቱ መግቢያ ዝናሙ የሚያገኘው አዲስ የታረሰና ቡቃያ ያልሸፈነው መሬት ስለ ሆነ አፈሩን ጠርጎ ያወርደዋል፤ ውሃው ከሁሉ በላይ በሚሞላበት ጊዜ ግን ደለሉ መቀነስ ጀምሯል። እንግዲህ «የክረምት ውሃ» ተብሎ ብቻ የተጻፈበት ጠርሙስ ለምርመራ አይረባም። ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ ጥልቀቱ፥ የወንዙም ከፍታ አብሮ ካልተጻፈ በውስጡ ያለው ጭቃ ጭቃ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ነገሩ የሊቃውንት ጨዋታ አለመሆኑን ከገዳሪፍ ቍልቍል በአትባራ ላይ የተሠራው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ያስረዳል። ይህ ግድብ በ1964 ሲፈጸም 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል ተብሎ ነበር። የታላቁ የአስዋን ግድብ ውሃ ርስታቸውን የሚያጠፋባቸው 50 ሺሕ ያህል የኑብያ ሰዎች ከወዲ ሐልፋ ተነሥተው በዚህ ግድብ ውሃ እንዲያርሱ በአዲስ ሐልፋ ሰፈሩ። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ደለል ግን በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት የማጠራቀሚያውን ግማሽ ያህል ሞላው። አገሩን የለቀቀው ገበሬ ቃል የተገባለት ውሃ እየጐደለበት ሄደ። ደለሉን ለመቀነስ በጐርፍ ጊዜ የግድቡን በሮች ከፍቶ ማጠብ ተለመደ፤ ነገር ግን በሮቹ መቼ ይከፈቱ የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ደለሉ በየትኛው ሳምንት እንደሚበረታ የሚያሳየው መዝገብ ነው። ከላይ በኩል አፈሩ ከማሳው የሚታጠብበት የደጋ ገበሬ፥ ከታች በኩል አፈሩ ቦዩን የሚደፍንበት የቆላ ገበሬ፥ ሁለቱም ጉዳታቸው የሚታየው በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ነው።

መዝገብ ያለውና የሌለው

የውሃ መዝገብ ለሒሳብ ብቻ ሳይሆን ለክርክርም መሣሪያ ሆኖ ኖሯል። በ1906 ወደ ግብፅ የመጣው እንግሊዛዊ ሊቅ ኸርስት ዕድሜውን የናይልን ልክ ሲሰበስብ ኖረ። በካይሮ በሮዳ ደሴት ያለው የወንዝ መለኪያ ከሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ያስቀመጠውን ቍጥር መርምሮ፥ ውሃ የበዛባቸው ዓመታት እርስ በርሳቸው፥ ያነሰባቸውም እርስ በርሳቸው እየተከታተሉ እንደሚመጡ በ1951 አስረዳ። ይህም የዮሴፍን የሰባት ዓመት ጥጋብና የሰባት ዓመት ራብ ታሪክ ያስታውሳል። ግብፅና ሱዳን በ1959 ውሃውን በውል ሲከፋፈሉ የያዙት 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የተባለው የዓመት ልክ ከ1900 ጀምሮ በተጻፈው መዝገብ የተገኘ ነው። ውሃው በአብዛኛው የሚመነጭባት ኢትዮጵያ በዚያ ውል አልነበረችበትም። እርስዋም በበኵልዋ ከአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ጋር የዐባይን ተፋሰስ አስጠንታ ውጤቱ በ1964 በ17 ቅጾች ወጣ። የኋለኛው ዘመን የግድብ አሳብ የተመሠረተው በዚያ ጥናት ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚታየው፥ በጉባኤ ላይ የሚደመጠው ውሃው ያለው ብቻ ሳይሆን የውሃው መዝገብ ያለው መሆኑ ነው።

ዛሬ እነዚህ ወንዞች እንደ ቀድሞው አይደሉም። በ2009 በተከዜ ላይ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ተፈጸመ። በ2017 በገዳሪፍና በከሰላ አካባቢ በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይ የሩሜላና የቡርዳና ግድቦች ተመረቁ። በዐባይ ላይም ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በሴፕቴምበር 2025 ተመረቀ። ግድብ ውሃውንም ደለሉንም ስለሚይዝ፥ ወንዙ ግድብ ከመሠራቱ በፊት ምን ያህል ይፈስስና ምን ያህል አፈር ይሸከም እንደ ነበረ ከእንግዲህ ሄዶ መለካት አይቻልም። ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመዘነው ከቀድሞው መዝገብ ጋር ብቻ ነው። በዋልታውም እንዲሁ ነው፤ ዘንድሮ የቀለጠው በረዶ በውስጡ ይዞት የነበረው ነገር ከመቅለጡ በፊት በተወሰደው ናሙና ካልታወቀ ለዘለዓለም አይታወቅም።

ከዚህም በላይ ጦርነት አለ። በ1980ዎቹ ዓመታት በሰሜን ኢትዮጵያ በነበረው ጦርነት ብዙ የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎች መዝገባቸው ተቋርጦ፥ እስከ ዛሬ ሒሳብ የሚሠራ ሁሉ በዚያ ባዶ ቦታ ይቸገራል። በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ በብዙ ዐሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ሰቲትን ተሻግረው ወደ ሐምዳዪት ገቡ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወደ ገዳሪፍ ግዛት ወደ ኡም ራኩባ ሠፈር ተወሰዱ። በኤፕሪል 2023 ደግሞ በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ሰው በገላባትና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ። ሕዝብ በሁለት አቅጣጫ ነፍሱን ለማዳን በሚሻገርበት ወንዝ ላይ የውሃውን ከፍታ እያነበበ የሚጽፍ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ጐርፉ ጦርነት አለ ብሎ አይቀርም። በ2020 በሴፕቴምበር የካርቱም ውሃ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ሲደርስ፥ ይህ በመቶ ዓመት ውስጥ ያልታየ ነው ለማለት የተቻለው መቶ ዓመት ሙሉ የጻፈ ሰው ስለ ነበረ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። መጀመሪያ፥ መዝገቡ በአንድ ቤት ብቻ እንዳይቀመጥ ነው። የፖላርሽተርን መርማሪዎች ቍጥራቸውን ለዓለም ሁሉ የከፈቱት ቸርነት ለማሳየት ብቻ አይደለም፤ በብዙ ስፍራ ያለ ግልባጭ በአንድ ቃጠሎ ስለማይጠፋና ብዙ ዓይን ያየው ስሕተት ቶሎ ስለሚታረም ጭምር ነው። በአንድ ወንዝ ላይ፥ አንዱ በላይ ሌላው በታች የሚኖሩ አገሮችም መዝገባቸውን ቢለዋወጡ የላይኛው የጻፈው ለታችኛው የጐርፍ ማስጠንቀቂያ፥ የታችኛውም የጻፈው ለላይኛው የአፈር ጥበቃ ምክር ይሆናል። አንዱ መዝገብ ቢቋረጥ እንኳ ሌላው ምስክር ሆኖ ይቆማል።

ሁለተኛው የጸሐፊው ታማኝነት ነው። በየዕለቱ ወደ ወንዙ ወርዶ ሰሌዳውን የሚያነበው ሠራተኛ ደመወዙ ጥቂት፥ ስሙም የማይታወቅ ነው። በታመመበት ወይም ውሃው መንገዱን በዘጋበት ቀን የትናንቱን ቍጥር ገልብጦ ቢጽፍ በዚያን ጊዜ የሚያውቅበት የለም፤ ከ50 ዓመት በኋላ ድልድይና ግድብ የሚሠራው ሰው ግን ያንን ቍጥር አምኖ ይሠራል። በዋልታው መርከብ ላይ ያልተዘጋው ጠርሙስ «አልተዘጋም» ተብሎ እንደሚጻፍ፥ በሰቲት ዳርም ያልተነበበው ቀን «አልተነበበም» ተብሎ ሊጻፍ ይገባል። ባዶ የተተወ መሥመር ማንንም አያሳስትም፤ በግምት የተሞላ መሥመር ግን የመቶ ዓመት መዝገብ ያበላሻል።